የሐበሻ ጽድ፣ የፈረንጅ ጽድ፣ ዝግባ ወይስ አራውካሪያ? ለግቢያችሁ የቱ ይሻላል?

ሰኔ ሲገባ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡት ጋ ቆማችሁ «ጽድ አለ?» ብትሉ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ የፈረንጁ ነው። በጥቁር ላስቲክ ውስጥ ሁሉም አንድ ክንድ የማይሞላ፣ የሚያምር ችግኝ ነው። ከ15 ዓመት በኋላ ግን የሚገናኙበት ነገር የለም። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት የት ልትተክሉት እንደሆነ ወስኑ።

አጥር ከሆነ የምትፈልጉት፣ ከአራቱ የፈረንጅ ጽድን የሚያህል የለም። አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው፤ የእኛን ደጋ ግን ወዶታል። ፈጥኖ ያድጋል፣ ጥቅጥቅ ይላል፣ ችግኙም በቀላሉ ይገኛል። አንድ ሜትር ያህል እያራራቃችሁ ትከሉት። ከባዱ ነገር መከርከሙ ነው። ገና ልጅ እያለ ጀምራችሁ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ጫፍ ጫፉን ካልያዛችሁት ያመልጣችኋል።

እኔ አምልጦኛል። ሦስት ዓመት ረስቼው መተላለፊያውን ሲይዘው፣ አንድ ቅዳሜ መጋዝ ይዤ ገባሁበት። ለካ አረንጓዴው ከላይ አንድ ስንዝር ብቻ ነው፤ ውስጡ ቡናማ ጭራሮ ነው። በዚያ በኩል አጥሬ እስከ ዛሬ ራቁቱን ነው። ይህ ጽድ ቅጠል በሌለው እንጨት ላይ መልሶ አያቆጠቁጥም። ክሽክሽ የሚባለው ጭማቂ መጣጭ ትንሽ ተባይም ያጠቃዋል። በበጋ ቅርንጫፉን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ፤ እጅ ላይ የሚጣበቅ ነገርና እንደ ጥላሸት ያለ ጥቁረት ካለ ገብቶበታል ማለት ነው። ቶሎ ካልደረሳችሁለት ከውስጥ ወደ ውጭ እየደረቀ ይሄዳል።

የሐበሻ ጽድ ሌላ ዛፍ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የምናየው፣ ምስጥ የማይደፍረው እንጨት የእሱ ነው። ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ለአጥር ከቸኮላችሁ ይቅርባችሁ። ፀሐይ ይፈልጋል፣ አንዴ ሥር ከሰደደ ደግሞ ድርቅን ይችላል። እድሜ ሲያገኝ 30 ሜትር ሊያልፍ ስለሚችል ከቤትና ከሴፕቲክ ታንክ ራቅ አድርጉት። ሰፊ ግቢ ላለው ሰው አንድ ብቻ ትከል ብባል ያለማመንታት እሱን እላለሁ።

ሻጩ «የሐበሻ ነው» ካላችሁ ችግኙን በመዳፋችሁ ዳበስ አድርጉት። የልጅ ሐበሻ ጽድ ቅጠሉ ይዋጋል፣ የፈረንጁ ለስለስ ይላል። እናቱ ዛፍ አጠገብ ካለ ፍሬዋን እዩ። የፈረንጁ እንደ እንጨት የጠነከረች፣ ስትደርቅ የምትሰነጠቅ ድብልብል ናት። የሐበሻው ትንሽ፣ ለስላሳ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ፍሬ ነው።

ግቢያችሁ ጥላ ከበዛበት ዝግባ ግዙ። በልጅነቱ ጥላ የሚችል፣ ቀጭንና ረዘም ያለ አንጸባራቂ ቅጠል ያለው የአገራችን ዛፍ ነው። መከርከምም ይቀበላል። ከተተወ ግን ግዙፍ ይሆናል፣ 200 ካሬ ላይ ያለ መቀስ አይሞከርም።

አራውካሪያን ብዙ ሰው ለውበቱ ይገዛዋል። እውነትም ያምራል፤ ቅርንጫፉ ደረጃ በደረጃ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል። ትውልዱ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ መካከል ያለችው የኖርፎክ ደሴት ናት። በረንዳ ላይ በማሰሮ ለዓመታት ይኖራል፣ ለገናም መብራት ይሰቀልበታል። መሬት ላይ ግን ከአራት ፎቅ በላይ ይሄዳል። የመብራት ሽቦ ሲነካ ጫፉ ከተቆረጠ ደግሞ ያ ቅርጹ አይመለስም። ጠባብ ግቢ ካላችሁ ማሰሮው ውስጥ ይቆይ።

የትኛውንም ብትመርጡ ረጅሙን ችግኝ አትሻሙ። ላስቲኩን ከፍ አድርጋችሁ ከሥሩ እዩ፤ ሥሩ ወፍሮ ወጥቶ ከተጠመዘዘ ብዙ ቆይቷል፣ ተዉት። አጠር ያለ፣ እስከ ታች አረንጓዴ የሆነውን ውሰዱ። ሐምሌ ላይ ትከሉት፣ ከጥቅምት ጀምሮ እስከ በልግ ዝናብ በሳምንት ሁለት ጊዜ ውኃ ስጡት። ላስቲኩን በምላጭ ቀዳችሁ ማውጣት እንዳትረሱ፤ ከነላስቲኩ የተቀበረ ጽድ የመጀመሪያውን ዓመት ደህና መስሎ ከርሞ፣ በኋላ በበጋ ድርቅ ይላል።