ልጄ «በት»ን መሰረዝ የለመደችበት የእንግሊዝኛ ክለሳ መጽሐፍ

ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት። ከፈተና በፊት እንድትከልስበት አንድ የእንግሊዝኛ መልመጃ መጽሐፍ ይዘን ስድስት ሳምንት አብረን ሠራን። አጠገቧ ተቀምጬ አንድም ገጽ ሳልዘል ስለጨረስኩት ሽፋኑን ብቻ አይቼ አይደለም የምጽፈው። መጽሐፉ ሦስት ክፍል አለው፦ ቃላት፣ የዐረፍተ ነገር አወቃቀር እና የታሪክ ሴራ። አንዱ ክፍል ግሩም ነው፣ አንዱ ደህና ነው፣ አንዱ ደግሞ አናዶኛል።

ከግሩሙ ልጀምር፤ የዐረፍተ ነገሩ ክፍል ነው። ብዙ የክለሳ መጻሕፍት ትርጉም ይሰጡና «ከሚከተሉት ውስጥ ድርብ ዐረፍተ ነገር የቱ ነው?» ብለው ያልፋሉ። ልጅ ማክበብ ይለምዳል፣ መጻፍ አይለምድም። ይሄኛው ግን አራት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ይሰጥና አንድ አድርጋችሁ ጻፉ ይላል። ዝናብ ጀመረ። ልጁ ሮጠ። ቦርሳው ክፍት ነበር። ደብተሮቹ ራሱ። መጀመሪያ በእንግሊዝኛው «አንድ» (እና) እና በ«ሶ» (ስለዚህ) ማያያዝ ነው። ቀጥሎ ያንኑ በ«ቢኮዝ» (ምክንያቱም)፣ በ«ዌን» (በ...ጊዜ)፣ በ«ኦልዞው» (ምንም እንኳ) እንደገና መሥራት። ልጄ ሦስተኛውን ጽፋ ስትጨርስ ልዩነቱ ራሱ ፊቷ ላይ ተቀምጦ ነበር፦ በ«አንድ» የተያያዙት ሁሉ እኩል ክብደት አላቸው፣ «ቢኮዝ» ሲገባ ግን አንዱ ምክንያት፣ ሌላው ውጤት ይሆናል። ሲምፕል (ነጠላ)፣ ኮምፓውንድ (ድርብ)፣ ኮምፕሌክስ (ውስብስብ) የሚባለው ክፍፍል ዋና ጉዳዩ ይሄ ነው። ስሙን ማወቅ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አሁን ወደ «በት»፣ ማለትም ወደ እንግሊዝኛው «ግን» ልምጣ። አማርኛ አፍ የፈታ ልጅ ሁሉ እዚህ ጋ ይሳሳታል ብል ማጋነን አይመስለኝም። «ምንም እንኳ ቢደክማትም ሥራዋን ግን ጨረሰች» ስንል ምንም እንከን የለውም። «ምንም እንኳ» እና «ግን» ተስማምተው ይኖራሉ። እንግሊዝኛ ግን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የሚቀበለው፤ «ኦልዞው» ብለህ ከጀመርክ መሃል ላይ «በት» አይገባም። መጽሐፉ የየትኛውም አገር ልጅ እንዲጠቀምበት የተዘጋጀ ስለሆነ አማርኛን አያውቅም፣ ግን ትርፍ ቃል እየፈለጉ የሚሰርዙበት አንድ ገጽ አለው። ልጄ እርሳሷን ይዛ እየሰረዘች ስትወርድ አራተኛው ላይ ቆመች። «እኔ እኮ ሁሌም እንዲህ ነው የምጽፈው!» አለች። ተነስታ ባለፈው ወር የጻፈችበትን ደብተር አመጣች። ሦስት ቦታ አገኘች፤ ሦስቱንም ሰረዘች። ማንም አላዘዛትም።

ያላለቀ ዐረፍተ ነገርም በደንብ ተሠርቷል። «ቢኮዝ ኢት ዋዝ ሬይኒንግ» ብሎ ነጥብ ማድረግ ስህተት ነው፣ ልጆች ግን አይታያቸውም፤ ለምን እንደማይታያቸው የገባኝ እዚህ መጽሐፍ ላይ ነው። አማርኛ ውስጥ «ስለዘነበ» ብለን አራት ነጥብ ብናስቀምጥ የግሱ መልክ ራሱ «ገና ነኝ» ይለናል። የእንግሊዝኛው ግስ ግን «ቢኮዝ» ኖረም አልኖረም መልኩን አይለውጥም። መጽሐፉ የሚሰጠው ዘዴ ቀላል ነው፦ ድርሰትህን ከመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ጀምረህ ወደ ላይ አንብበው። ከጎረቤቱ ሲነጠል የጎደለው ይታያል። በጣም ሠርቶልናል።

ሁለት ሙሉ ዐረፍተ ነገሮችን በነጠላ ሰረዝ ብቻ የማጣበቅ በሽታም አለ። ሦስት መድኃኒት ይሰጣል፦ ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝ ከመስተጻምር ጋር፣ ወይም እንግሊዝኛው ሴሚኮለን የሚለውን ምልክት። ለዚህ የሚያገለግሉት ሰባቱ መስተጻምሮች ፎር፣ አንድ፣ ኖር፣ በት፣ ኦር፣ የት፣ ሶ ናቸው። የመጀመሪያ የእንግሊዝኛ ፊደላቸው ሲገጣጠም «ፋንቦይስ» ይሆናል። ልጄ በአንድ ቀን ያዘችው።

የጎደለውን ልናገር። እኛ «ይዘንባል» ብለን በአንድ ቃል እንጨርሳለን፣ ባለቤቱ ግሱ ውስጥ አለ። እንግሊዝኛ ባለቤት ከሌለው አይቆምም፣ ስለዚህ ምንም የማያመለክት «ኢት» ያስቀምጣል። ልጆቻችን «ኢዝ ሬይኒንግ» ብለው የሚጽፉት ለዚህ ነው። መጽሐፉ ስለዚህ አንድ መስመር የለውም። እኔው ራሴ ሃያ ዐረፍተ ነገር ጽፌ ሰጠኋት።

የቃላቱ ክፍል ደህና ነው። ደስ ያለኝ ቃላቱን በሥራቸው መሰብሰቡ ነው፦ «ፖርት» መሸከም ከሆነ ትራንስፖርት፣ ኤክስፖርት፣ ፖርተብል አንድ ቤተሰብ ናቸው። «ዲክት» መናገር ከሆነ ፕሬዲክት አስቀድሞ መናገር ነው፣ ኮንትራዲክት ተቃርኖ መናገር። ይሄ ለእኛ ልጆች ባዕድ አይደለም፤ ጸሐፊ፣ ጽሑፍ፣ መጽሐፍ ከአንድ ሥር እንደሚወጡ ያውቃሉ። እንዲህ ብዬ ሳሳያት ቶሎ ነው የገባት። ሌላው ጥሩ ነገር አንደኛው ምዕራፍ ላይ የነበሩ ቃላት ሦስተኛውና አምስተኛው ላይ ተመልሰው መምጣታቸው ነው። ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ሰው እ.ኤ.አ. በ1885 የራሱን የማስታወስ ችሎታ ለክቶ ያሳተመው ነገር ዛሬም ይሠራል፦ ያጠናነውን ቶሎ እንረሳለን፣ በየመሃሉ ስንመለስበት ግን ይቆያል።

ችግሩ ለአንድ ቃል አንድ ትርጉም ብቻ መስጠቱ ነው። «ኖቭል» ልቦለድ ማለት ነው ብሎ አለፈ። ልጄ ሌላ ቦታ «ኖቭል አይዲያ» የሚል አገኘችና «የልቦለድ ሐሳብ» ብላ ተረጎመችው፤ እዚያ ግን አዲስ፣ ያልተለመደ ማለት ነው። የተቃራኒ ቅጥያዎቹንም «ኢን»፣ «ኢም»፣ «ኢል»፣ «ኢር» ብሎ እንደ አራት ነገር ያስሸመድዳል። አንድ ቅጥያ ናቸው። ከሚቀጥለው ድምፅ ጋር እየተስማማ መልኩን የሚለውጥ ነው፦ ከ«ፖሲብል» ፊት ኢም፣ ከ«ሊጋል» ፊት ኢል፣ ከ«ሬጉላር» ፊት ኢር። አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ አስፈላጊ ነበር፦ «ኢንፍላመብል» የማይቀጣጠል ማለት አይደለም፣ በቀላሉ የሚቀጣጠል ማለት ነው። ዕቃ ላይ ለሚያነብ ልጅ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ያናደደኝ የሴራው ክፍል ነው። ተራራ ይሥላል፣ አምስት ስም ይለጥፍበታል፦ ኤክስፖዚሽን (መግቢያ)፣ ራይዚንግ አክሽን (ወደ ላይ የሚወጣው ድርጊት)፣ ክላይማክስ (ጫፉ)፣ ፎሊንግ አክሽን (ወደ ታች የሚወርደው)፣ ሬዞሉሽን (መፍትሔ)። ከዚያ አጭር ታሪክ ያስነብባል። አንድ ልጅ ኳስ ሲለጋ የክፍል መስኮት ይሰብራል። ማንም አላየውም። ጥፋቱ ጓደኛው ላይ ይለጠፋል። ጓደኛው ሊቀጣ ሲል ልጁ ከመቀመጫው ተነስቶ «እኔ ነኝ» ይላል። ይቀጣል፣ ከጓደኛው ጋር ይታረቃል። ክላይማክሱ የቱ ነው? ልጄ መስኮቱ የተሰበረበትን መረጠች። ለምን ስላት «በጣም የሚያስደነግጠው እሱ ነዋ» አለች። ከኋላ መልሱን ስናይ «ሐ» ይላል። አለቀ። ለምን «ሐ» እንደሆነ አንድ ቃል የለም። ለክለሳ ብሎ የተዘጋጀ መጽሐፍ ልጅ የተሳሳተበትን ምክንያት ካላስረዳ ምኑን ከለሰ?

ታሪኩ የሚያንጠለጥለንን ጥያቄ ፈልጊ አልኳት። እውነቱን ይናገራል ወይስ ጓደኛው ሲቀጣ ዝም ይላል? ይሄ ጥያቄ የሚቆረጥበት ቦታ ነው ክላይማክሱ፣ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ጡዘት የምንለው። መስኮቱ ሲሰበር ጥያቄው ገና መወለዱ ነው።

ሥዕሉም ራሱ ያሳስታል። ጫፉ ልክ መሃል ላይ ነው። ሌላ ታሪክ ላይ ልጄ አንቀጾቹን በጣቷ ቆጥራ መሃለኛውን «ክላይማክስ» ስትለው አየኋት። ጀርመናዊው ጸሐፊ ጉስታቭ ፍራይታግ እ.ኤ.አ. በ1863 ይሄን ቅርጽ ሲያወጣ የሚያየው ባለ አምስት ገቢር ተውኔቶችን ነበር፣ መሃል ላይ መሆኑ ለዚያ ይስማማል። ልጆች የሚያነቧቸው አጫጭር ታሪኮች ጡዘታቸው አብዛኛውን ጊዜ ወደ መጨረሻው ይጠጋል። ተራራውን አንድ ወገን አስረዝሞ መሣል ይህን ያህል ከባድ አልነበረም።

ከሁሉ በላይ የቆጨኝ ግን ሁለተኛውና ሦስተኛው ክፍል አለመተዋወቃቸው ነው። ሴራ እኮ የምክንያት ሰንሰለት ነው። «ከዚያ፣ ከዚያ፣ ከዚያ» እየተባለ የሚቀጠል ዝርዝር ሴራ አይሆንም፤ «ስለዚህ» እና «ነገር ግን» ሲገቡበት ነው የሚሆነው። ዐረፍተ ነገር ላይ የለፋችባቸው ቃላት ታሪኩንም የሚሸከሙት እነሱ ናቸው።

መጽሐፉን ለምታስቡ ወላጆች ምክሬ ከሁለተኛው ክፍል ጀምሩ፣ የመልሱን ገጽ ቆርጣችሁ እናንተ ዘንድ አስቀምጡ፣ ሴራው ላይ ስትደርሱ አጠገባቸው ሁኑ። እኛ የመጨረሻውን ቀን መጽሐፉን ዘጋነውና የመስኮቱን ታሪክ «ዜን» (ከዚያ) የሚለውን ቃል ሳትጠቀም እንድትጽፈው ሰጠኋት። ሠላሳ ደቂቃ ፈጀባት። ብዙ ሰረዘች። አምስት ዐረፍተ ነገር ሆነ፣ አራተኛው በ«ኦልዞው» ይጀምራል፦ ፈርቶ የነበረ ቢሆንም ተነሳና እውነቱን ተናገረ። ነጠላ ሰረዙ ቦታው ላይ ነው፣ «በት» የለም። ከጎኑ በእርሳስ ትንሽ ተራራ ሥላለች፤ ጫፉን ወደ ቀኝ አስጠግታዋለች።