የልጃችንን ክርን ላቀኑልን የኪዩር ሐኪሞች

ጽሁፉ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ክርኑ የተጣመመ ልጅ ያለው ቤተሰብ ግን እስከ መጨረሻው ያንብበው።

የወንድሜ ልጅ ከዘይቱን ዛፍ ወድቆ ከክርኑ ከፍ ብሎ ያለው አጥንት ተሰበረ። የሰፈር ወጌሻ አሽቶ በቀርቀሃ አሰረው። እጁ መትረፉ ራሱ ተመስገን ነው፤ ጠብቆ የታሰረ ቀርቀሃ የስንቱን ልጅ እጅ አሳጥቷል። አጥንቱ ገጠመ፣ ግን ጠሞ ገጠመ። እጁን ሲዘረጋ ከክርኑ በታች ያለው ወደ ሰውነቱ ይገባና የጠመንጃ ሰደፍ ይመስላል። ልጁ በሙቀት ሁሉ ሹራብ አላወልቅ አለ። «ሲያድግ ይስተካከላል» ያላለን ሰው የለም።

በሰው ጥቆማ አዲስ አበባ ወዳለው ኪዩር የህጻናት ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሙ ሁለቱንም እጆቹን መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ እንዲዘረጋ አደረጉት። ከዚያ የሁለቱንም ክርን ራጅ አዘዙ። ወንድሜ «ዶክተር፣ የተሰበረው እኮ ግራው ነው» ሲላቸው «ልኬቱን የምንወስደው ከጤነኛው ነው» አሉት። የሰው እጅ ሲዘረጋ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ዲግሪ ወደ ውጭ ያዘነብላል። የእሱ ወደ ውስጥ ነበር። ራጁ ላይ በእስክሪብቶ እያሰመሩ በቀዶ ጥገና አጥንቱ ከየት እስከ የት እንደሚቆረጥ ለልጁም ጭምር አሳዩት።

እኔን የገዛኝ ግን እውነት መናገራቸው ነው። «እጁ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ይሠራል። ቀዶ ጥገናው በዋናነት የሚያስተካክለው ቅርጹን ነው» አሉን። ዝም ቢባል ደግሞ ከዓመታት በኋላ ክርኑ ሊላላ ወይም ወደ ትንሿ ጣት የሚሄደው ነርቭ ሊታወክ እንደሚችል ነገሩን። ሲያድግ ይቃናል የሚለውም አያስኬድም። የላይኛው ክንድ አጥንት በቁመት የሚያድገው በአብዛኛው በትከሻ በኩል ነው፤ የክርን ድርሻ 20 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። «ሂዱና ተመካከሩ» ብለው ሸኙን። አላጣደፉንም።

ቀዶ ጥገናው በሙሉ ማደንዘዣ ተሠራ። ከክንዱ ውጨኛ ጎን ሦስት ማዕዘን የሆነ አጥንት ቆርጠው አወጡና ክፍተቱን ገጠሙት፤ በሽቦ አጥብቀው ጀሶ አደረጉለት። አጥንቱ ሲይዝ ሽቦው ወጣ።

ፊዚዮቴራፒስቷን ለብቻ ካላመሰገንኩ ግፍ ነው። ጀሶው ሲፈታ ክርኑ ደርቆ ነበር። እናታችን ሊያሹት ቅቤ ይዘው መጥተዋል! እሷ ሳትቆጣ፣ ሳትስቅ፣ «እማማ፣ ቅቤውን ለወጥ ያድርጉልን» አለቻቸው። ክርን በጉልበት ከታሸና ከተጎተተ ጡንቻ ውስጥ አጥንት ሊበቅል እንደሚችል አስረዳቻቸው። ልጁ ራሱ እያጠፈ፣ ራሱ እየዘረጋ እንዲሠራ አደረገችው። ያመመው ቦታ ላይ ሲደርስ ያቆማል። እናታችን አሁን ለጎረቤት ሁሉ «ክርን አይታሽም» እያሉ ይሰብካሉ።

እጁ ቀንቷል። ጠባሳ አለው፣ በውጭ በኩልም ትንሽ ጉብታ ቀርቷል፤ ይህን ሐኪሙ አስቀድመው ነግረውናል። ልጁ ግን ቅር አላለውም፣ እጅጌ ጉርድ ለብሶ ይሮጣል።

የሐኪሙንና የፊዚዮቴራፒስቷን ስም ሳላስፈቅድ መጻፍ አልፈለግኩም። እጃችሁ ይባረክ፣ እናንተ ታውቁታላችሁ። የምትሄዱ ሰዎች ከስብራቱ ጊዜ ጀምሮ ያለ ራጅ ካላችሁ እንዳትጥሉት፣ ይዛችሁ ሂዱ። ልጁንም የፈለገውን እንዲጠይቅ ፍቀዱለት፤ ይመልሱለታል።