ስኮትስ፣ ብላክ ወይስ ሬድ ፓይን? ችግኝ ስትገዙ በምን ትለያላችሁ

ፓይን (መርፌ የመሰለ ቅጠል ያለው የጥድ አይነት ዛፍ) ልትገዙ ከሆነ ቅርፊቱን እርሱት። ስኮትስ ፓይንን ሰው ሁሉ የሚያውቀው በዛ ብርቱካናማ ግንዱ ነው ግን ቀለሙ የሚወጣው ዛፉ ካደገ በኋላ ነው፣ እሱም ከግንዱ ላይኛው ክፍል ላይ፣ ችግኝ ላይ የለም፣ ኮንም (ዘር የሚይዘው ጠንካራ ፍሬው) ገና አላፈራም፣ ስለዚ የቀራችሁ ቅጠሉ ነው።

ሶስቱ የሚምታቱት መርፌ የመሰለው ቅጠላቸው ሁለት ሁለት እየሆነ ስለሚወጣ ነው። አምስት አምስት ሆኖ ለስላሳ ከሆነ ዋይት ፓይን ነው፣ እሱ ከነዚ ጋር አይምታታም። ነጠላ ነጠላ ከሆነ ስፕሩስ ወይ ፈር የሚባሉት ሌሎች ጥድ መሳይ ዛፎች ሊሆን ይችላል (አንድ አመት ያልሞላው የፓይን ችግኝም ነጠላ ያወጣል፣ እሱን ለመለየት ባትሞክሩ ይሻላል)።

ስኮትስ ቅጠሉ አጭር ነው፣ ከ3 እስከ 7 ሴንቲሜትር፣ ጠምዘዝ ያለ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ። ሙጎ ፓይንም አጭር ነው ግን ጠቆር ይላል፣ ብዙውን ጊዜም ቁጥቋጦ ሆኖ ነው የሚቀረው።

ጣጣው ብላክና ሬድ ላይ ነው። ሁለቱም ጥቁር አረንጓዴ፣ ሁለቱም ረጅም፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ አካባቢ ስለሆኑ ማስመሪያ አያዋጣም። እርጥብ ቅጠል ቀንጥሱና እጠፉት፣ ሬዱ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ ብላኩ ይጎብጣል እንጂ እንደዛ አይሰበርም። የደረቀ ቅጠል ግን የማንም ይሁን ስለሚሰበር አትሞክሩበት፣ በአንድ ቅጠልም አትወስኑ፣ አምስት ስድስት እጠፉ። ካልተማመናችሁ የቅርንጫፉን ጫፍ እዩ፣ የብላክ እምቡጥ ነጣ ያለ ነው፣ የሬድ ቀላ ያለ ቡኒ።

ልዩነቱ ለምን ያስጨንቃል ካላችሁ፣ ብላክ ንፋስም ጨውም ኖራ የበዛበት አፈርም ይችላል። ሬድ አሸዋማና አሲዳማ፣ ውሃ የማይቋጥር መሬት ነው የሚፈልገው፣ በብርድ ወቅት በረዶ እንዲቀልጥ ጨው የሚበተንበት መንገድ ዳር ብትተክሉት ይጎዳል። እኔ ብመርጥ መንገድ ዳር ብላክ ነው፣ ግን ዲፕሎዲያ የሚባል ፈንገስ ስለሚወደው አዲሱ ቡቃያ ጫፉ ላይ ቡኒ ሆኖ ከቀጨጨ ያን ችግኝ ተዉት፣ በቅናሽም ቢሆን።

ደሞ የጃፓን ብላክ ፓይንም የጃፓን ሬድ ፓይንም አለ፣ ሌላ ዛፍ ናቸው። ስለዚ ሻጩን በላቲን ስሙ ጠይቁት፣ እኔ ያልኩት ብላክ ፓይነስ ናይግራ ነው፣ ሬዱ ደሞ ፓይነስ ሬዚኖሳ።