ዲስከሶቼን ያተረፈልኝ የውሃ መመርመሪያ

ዲስከስ የተባለውን የአኳሪየም (የመስታወት ገንዳ) ዓሣ ያረባ ሰው ያውቀዋል። ትንሽ ነገር ሲነካው ይጠቁራል፣ ጥግ ይይዛል፣ ምግብ ይተዋል። አራቱ ዓሦቼ ባለፈው ጥቅምት እንደዚያ ሆኑ። ስንጥባቸው ቶሎ ቶሎ ይከፈታል፤ ወደ ላይ ወጥተው ያለከልካሉ። የገዛሁበት ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ስለ ውሃው አንድም ሳይጠይቀኝ መድኃኒት ሸጠልኝ። ሦስት ቀን ጨመርኩ። አንዷ ሞተችብኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

በዚያው ሳምንት እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ኤፒአይ የተባለውን ድርጅት የውሃ መመርመሪያ አመጣችልኝ። በጠብታ የሚሠራው ነው። ለአሞኒያ (ከዓሣ ቆሻሻና ከተረፈ ምግብ ለሚመጣው መርዝ) 5 ሚሊ ሊትር ውሃ ትቀዳላችሁ፣ ከሁለቱ ጠርሙሶች 8፣ 8 ጠብታ ትጨምራላችሁ፣ 5 ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። ቢጫ መሆን ነበረበት። አረንጓዴ ሆነ፤ ውሃው አሞኒያ አለበት ማለት ነው።

ያኔ ነገሩ ገባኝ። የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ አጥቤው ነበር። አሞኒያን የሚበሉትን ባክቴሪያዎች ክሎሪኑ ጨርሷቸዋል። የእኔ አኳሪየም ደግሞ 29 ዲግሪ ነው፤ ውሃ ሲሞቅ የአሞኒያ መርዝነት ይብሳል። በየቀኑ ሲሶውን ውሃ፣ ክሎሪን ማጥፊያ እየጨመርኩ፣ ቀየርኩ። ምግብም ቀነስኩ። በ12ኛው ቀን ቢጫ ሆነ!

ቀለሙን በመስኮት ብርሃን እዩት፤ በአምፖል ያሳስታል። መመርመሪያው ናይትሬትንም (ባክቴሪያዎቹ አሞኒያን ከበሉ በኋላ መጨረሻ ላይ የሚቀረውን) ይለካል፤ የናይትሬቱን ሁለተኛ ጠርሙስ ደግሞ 30 ሰከንድ በደንብ ናጡት፤ አለበለዚያ ከእውነተኛው ያነሰ ያሳያችኋል። ስፖንጁን አሁን ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ብቻ ነው የማጥበው። ሦስቱ ቀለማቸው ተመልሷል። ትልቁ ዛሬ ጠዋት ከእጄ በላ።