ከአንድ አዛውንት ሻጭ የገዛኋቸው የስፒድዌይ ማስታወሻዎች

በምሥራቅ ለንደን ከስተም ሃውስ በሚባለው ሰፈር ሆስኪንስ ክሎዝ እና ዊልኪንሰን ሮድ የተባሉ መንገዶች አሉ። ቤቶቹ የተሠሩበት መሬት እስከ እ.ኤ.አ. 1972 ድረስ የዌስት ሃም ስታዲየም ነበረ፤ ጆኒ ሆስኪንስ በዚያ የስፒድዌይ (የሞተር ሳይክል ውድድር) ቡድኑን የመሩ ሰው ናቸው፤ ብሉዊ ዊልኪንሰን ደግሞ ለዚሁ ቡድን የተወዳደረና በ1938 የዓለም ሻምፒዮን የሆነ አውስትራሊያዊ ነው። ስታዲየሙ ከፈረሰ ብዙ ዘመን ስላለፈ፣ የዚያን ጊዜ ምሽቶች ማግኘት የሚፈልግ ሰው የሚቀረው በተመልካች ኪስና ደረት ላይ ወጥተው የቀሩትን ዕቃዎች መፈለግ ነው። እኔም ወደ መሰብሰቡ የገባሁት በእነዚህ መንገዶች ስም ምክንያት ሲሆን፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት የገዛሁትን አብዛኛውን ዕቃ ያገኘሁት በውድድር ምሽት ጠረጴዛ ዘርግተው፣ በቀረው ጊዜ ደግሞ በፖስታ ከሚሸጡ አንድ አዛውንት ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ አልጽፈውም፤ አገልግሎታቸውን ግን በዝርዝር ልመዝነው እወዳለሁ።

ስፒድዌይን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ፦ አራት ሰዎች ፍሬን በሌላቸው፣ አንድ ማርሽ ብቻ ባላቸውና በሜታኖል በሚሠሩ 500 ሲሲ ሞተር ሳይክሎች፣ አፈር በለበሰ ሞላላ ሜዳ ላይ ወደ ግራ እየታጠፉ አራት ዙር ይሮጣሉ። አንደኛ የወጣው 3 ነጥብ፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 1 ያገኛል፤ የመጨረሻው ባዶ እጁን ይመለሳል። ውድድሩ በእንግሊዝ ሥር የሰደደው የካቲት ወር 1928 በኤፒንግ ደን አጠገብ በሃይ ቢች ከተደረገው ታላቅ ዝግጅት ወዲህ ነው። ለሰብሳቢ ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። በስፒድዌይ ተመልካቹ ዝም ብሎ አያይም፤ መግቢያው ላይ የዕለቱን ፕሮግራም ይገዛል፣ እርሳሱን ያወጣል፣ እያንዳንዱ ሩጫ እንዳለቀ ውጤቱን በተዘጋጀው ሠንጠረዥ ላይ ራሱ ይሞላል። ስለዚህ ከማተሚያ ቤት አንድ ዓይነት ሆነው የወጡ ሺህ ፕሮግራሞች ማታ ወደ ቤት ሲገቡ ሺህ የተለያዩ ሰነዶች ሆነዋል።

አዛውንቱን ከሌሎች ሻጮች የሚለያቸውም ይህን መረዳታቸው ነው። ከእያንዳንዱ ዕቃ ጋር ትንሽ ወረቀት ያያይዛሉ፤ በወረቀቱ ላይ ዕቃውን ከማን ቤት፣ በየትኛው ዓመት እንዳገኙት፣ የቀድሞው ባለቤት የየትኛው ቡድን ደጋፊ እንደነበረ በእጅ ጽሑፋቸው ያሰፍራሉ። የሰዎቹን ስም አይጽፉም። «የወደብ ሠራተኛ የነበረ ሰው፣ ከልጁ የተገዛ» ወይም «ከእህቷ ጋር ዘወትር ማክሰኞ ትሄድ የነበረች ሴት» የሚል መስመር ግን አይቀርም። ይህ ወረቀት ከዕቃው ጋር አብሮ እንዲኖር አደራ ይላሉ፤ እኔም ከሁሉ አስበልጬ የምጠብቀው እሱን ነው።

የመጀመሪያው ግዢዬ የ1952 የዌስት ሃም ፕሮግራም ነበር። ስቴፕሎቹ ዝገው በወረቀቱ ላይ ቡናማ ክብ ትተዋል፤ መሐል ላይ በቁመቱ ታጥፎ በኮት ኪስ እንደገባ ያስታውቃል። በሠንጠረዡ ውስጥ የአንዱ ተወዳዳሪ ስም በእርሳስ ተሰርዞ ከጎኑ የተተኪው ስም ተጽፏል፤ ጃክ ያንግ ባለበት ረድፍ 3 ቁጥር ጠንከር ተደርጋ ስለተጻፈች ጣት ወረቀቱን ከኋላ ሲዳስስ ትታወቃለች። ያንግ በ1951 የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ገና በሁለተኛው ዲቪዚዮን ለኤድንብራ ይወዳደር የነበረ ሰው ነው፤ በ1952 ወደ ዌስት ሃም መጥቶ ሻምፒዮንነቱን ደገመው። ከሠንጠረዡ ታች አካባቢ ወድቆ ለቀረ ተወዳዳሪ የሚጻፈው «ኤፍ» ፊደል አለ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ቁጥሮች ግን ዝናብ ነክቷቸው ደብዝዘዋል። ያ ዝናብ የዘነበው በዚያው ምሽት እንደሆነ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ጽሑፉ ራሱ ከዚያ ወዲህ የተጣደፈ ነው።

በገበያው ልማድ ያልተጻፈበት ንጹሕ ፕሮግራም ከተጻፈበት ይበልጥ ይወደዳል። አዛውንቱም የሚኖሩት በገበያው ስለሆነ በዚህ ልማድ ይሸጣሉ፤ እኔም በዚህ ምክንያት ለተጻፈባቸው የከፈልኩት ከንጹሖቹ ግማሽ ያህል ነው። ቢጠቅመኝም ልማዱን አልቀበለውም። ያልተጻፈበት ፕሮግራም ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት የታሰበውን ይነግረናል፤ የተጻፈበት ግን የሆነውን ይነግረናል። በ1936 በዌምብሌይ በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ዊልኪንሰን አምስቱንም ሩጫ አሸንፎ ሳለ፣ ከማጣሪያው የመጡ ተጨማሪ ነጥቦች ስለሚደመሩ ሦስተኛ ሆኖ ወጣ፤ ዋንጫውን ላዮኔል ቫን ፕራግ ወሰደ። ያን ምሽት ቁጥሩን ሲደምር የቆየ ተመልካች እጅ በዚያ ወረቀት ላይ ምን እንዳሰፈረ ለማየት ያለኝ ጉጉት ለንጹሑ ቅጂ ካለኝ እጅግ ይበልጣል።

ከዚህ ቀደም በኢንተርኔት ከሌላ ሻጭ የገዛሁት ፕሮግራም ልቤን ሰብሮታል። ሻጩ ዋጋውን ከፍ ለማድረግ የእርሳሱን ጽሑፍ በላጲስ አጥፍቶ፣ የተቀደደውን ጠርዝ በግልጽ ስኮች ለጥፎ «በጣም ጥሩ ይዞታ ላይ ያለ» ብሎ ላከልኝ። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ሳዘነብለው የጠፉት ቁጥሮች ጥላ ይታያል፤ ማንበብ ግን አይቻልም። አንድ ሰው በሙሉ ትኩረት የመዘገበው ምሽት ለጥቂት ፓውንድ ሲባል ተፋቀ። ስለ ማስጌጥ ካነሳሁ፣ ስድስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ኢቫን ማውገር ከ1968 እስከ 1970 ተከታትሎ ካሸነፈ በኋላ ሞተር ሳይክሉ በወርቅ ተለብጧል፤ በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች በካንተርበሪ ሙዚየም ለሕዝብ የታየውም እሱ ነው። ክብሩ የሚገባው መሆኑን አልክድም፤ ለእኔ ግን አፈሩ እንደተጣበቀበት ቢቀመጥ ይበልጥ ይናገር ነበር።

ባጆቹ ሌላ ዓለም ናቸው። የቡድኑ ምልክት በኢናሜል (በብረት ላይ ቀልጦ በሚጣበቅ ባለቀለም መስታወት) የተሠራበት፣ ከኮት ደረት ላይ የሚሰካ ትንሽ ብረት ሲሆን፣ ደጋፊው በየዓመቱ የዓመቱ ቁጥር ያለባት ቀጭን ብረት እየገዛ ከሥሩ ያንጠለጥላል። ከአዛውንቱ የገዛሁት የዊምብልደን ስፒድዌይ ቡድን ባጅ ሦስት ዓመቶች ተንጠልጥለውበታል፤ 1949፣ 1950 እና 1951። የመጀመሪያዋ ከመታሸት ብዛት ጠርዟ ለስልሷል፤ የመጨረሻዋ ገና ስለታም ናት። ከዚያ ወዲህ ለምን እንዳልተጨመረ ወረቀቱ አይናገርም።

በባጅ ረገድ አንድ ችግር ገጥሞኛል። ሁለተኛ የላኩልኝ ባጅ ከጀርባው የበርሚንግሃም ሠሪ ስም ቢኖርበትም፣ ፊደሉ ደብዛዛ፣ ክብደቱም ቀለል ያለ ነበር፤ የድሮው ኢናሜል እንደ መስታወት ጠንክሮ ከብረቱ ጋር እኩል ሲተኛ፣ የዚህኛው ቀለም በጥፍር ሲነካ ለስለስ ይላል። ስልክ ደውዬ ስነግራቸው አልተከራከሩም። «ላክልኝ ልጄ፣ ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም» አሉኝ፤ ገንዘቤን ከፖስታ ወጪዬ ጋር መለሱልኝ፤ በሚቀጥለው ዝርዝራቸውም ያንኑ ባጅ «በኋላ ዘመን የተሠራ» ብለው በአነስተኛ ዋጋ አወጡት። ከስሕተቱ ይልቅ አፈታቱን ነው የምመዝነው።

ጉድለታቸው ሌላ ቦታ ነው። ዝርዝራቸው ፎቶ የለውም፤ መልስ ለማግኘት ሁለትና ሦስት ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ በካርድ መክፈል አይቻልም። ቡድኖቹን በፊደል ተራ ሳይሆን እሳቸው በሚያስታውሱት ቅደም ተከተል ስለሚጽፏቸው፣ የፈለጉትን ለማግኘት አራት ገጽ ሙሉ ማንበብ ግድ ነው። የተወዳዳሪዎች የቆዳ ልብስና ከላዩ የሚደረበው የቡድን ሰደርያ አልፎ አልፎ ይገኛል፤ ዋጋው ግን ለእኔ ዓይነቱ ሰብሳቢ አይቀመስም። አንዱን ሰደርያ ጠረጴዛቸው ላይ አንስቼ ባሸትት የሞተር ማለስለሻ የነበረው የድሮው የጉሎ ዘይት ሽታ አሁንም አለበት፤ መልሼ ለማስቀመጥ ጊዜ ወሰደብኝ።

አስተሻሸጋቸው እንከን የለውም። ፕሮግራሙን በሁለት ጠንካራ ካርቶን መሐል ያደርጉታል፤ ሽፋኑ ወረቀት ከማያበላሸው ጥርት ካለ ፖሊስተር የተሠራ ነው፤ ስኮች በዕቃው ላይ ፈጽሞ አያሳርፉም። የዛገ ስቴፕል እንዳልነቅል፣ ባጅ በመወልወያ እንዳላሽ፣ ፀሐይ በሚገባበት ግድግዳ ላይ ምንም እንዳልሰቅል የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። መሰብሰብ ለሚጀምር ሰው ያለ ማመንታት ወደ እሳቸው እልካለሁ፤ የሚቸኩል ሰው ግን ሌላ ቢፈልግ ይሻለዋል።

ባለፈው ሳምንት በደረሰኝ ዝርዝር ሦስተኛ ገጽ ላይ አንድ የ1938 የዌስት ሃም ፕሮግራም አለ፤ ከጎኑ «በሰማያዊ እርሳስ የተጻፈበት፣ አንድ ገጽ የተቀደደ» ይላል። ደብዳቤውን በማግስቱ ጠዋት ፖስታ ቤት አስገብቻለሁ።