ደሴ ላይ የተከፈተው «የምሥራቅ ተመስጦ» ኮርስ፦ ገንዘቡ ያዋጣል ወይ?

መጀመሪያ ዋጋውን ልንገራችሁ፤ ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ እሱን ነው። ሙሉ ኮርሱ 1,800 ብር ነው። ስድስት ቅዳሜ ጠዋት፣ እያንዳንዱ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ለተማሪ ቅናሽ አለ፣ ግን ካልጠየቃችሁ አይነግሯችሁም። ቦታው ፒያሳ አካባቢ ካሉት ሕንፃዎች የአንዱ ላይኛው ፎቅ ነው። ስሙን ሆን ብዬ አልጠራም፤ የምወቅሰው ነገር ስላለኝ ነው። ደሴ ያለ ሰው ለማወቅ አይቸገርም።

ወለሉ ሴራሚክ ነው። የደሴን የጠዋት ብርድ ለሚያውቅ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ፣ ባዶ እግር ተቀምጦ «ሰውነታችሁን ፈታ አድርጉ» ሲባል መስማት ትንሽ ያስቃል። የሚሰጧችሁ ማት ስስ ነው። ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከምር። ከኮምቦልቻ የመጡት ልጆች የመጀመሪያ ቀን በቲሸርት ነበሩ፤ በሁለተኛው ሳምንት ጃኬትም ኮፍያም ይዘው መጡ።

አሰልጣኙ ወጣት ነው። ድምፁ የረጋ ነው፣ አይቸኩልም፣ ሰው ሲያስል ወይ ስልክ ሲጮህ ፊቱን አያጠቁርም። እግሩ የማይታጠፍለትን ሰው ሳያሳፍር ወንበር ያቀርብለታል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሌላ ከተማ ሞክሬ ያየሁት ዓይነት «እኔ ከእናንተ የነቃሁ ነኝ» የሚል አኳኋን የለውም። ልምምዱን በማስተማር ጎበዝ ነው። ከልምምዱ ጀርባ ያለውን ሐሳብ ማስረዳት ላይ ነው ችግሩ፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምርጦቹ ናቸው። የቴራቫዳ ቡድሂዝምን መንገድ ይከተላሉ፤ የስሪላንካ፣ የምያንማርና የታይላንድ ቡድሂስቶች የሚከተሉት ማለት ነው። አንደኛው ሳምንት ትንፋሽን መከታተል ብቻ ነው። አፍንጫ ጫፍ ላይ አየር ሲገባ፣ ሲወጣ። ትንፋሹን አታስረዝሙም፣ አትቆጥሩም፣ ዝም ብላችሁ ታስተውላላችሁ። ሁለተኛው ሳምንት ቪፓሳና ነው፤ ትኩረትን ከራስ ቅል ጀምሮ እስከ እግር ጣት እያንቀሳቀሱ ያለውን ስሜት ማየት። ቢያሳክክ ማከክ የለም፣ ቢያምም መነሳት የለም፤ ስሜቱ መጥቶ ሲሄድ ታያላችሁ። ዋናው ነገር እሱ ነው፦ ደስ የሚለውም የማይለውም ያልፋል፣ አትያዙት፣ አትግፉት።

ይሄ አካሄድ በዓለም በሰፊው የታወቀው በኤስ ኤን ጎየንካ በኩል ነው። ጎየንካ በ1924 (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ማንዳላይ፣ ያኔ በርማ በምትባለው አገር የተወለደ የህንድ ዘር ያለው ነጋዴ ነበር። ከባድ የራስ ምታት ይዞት መድኃኒት ፍለጋ ሲዞር ኡ ባ ኪን የሚባል የመንግሥት ባለሥልጣን የነበረ መምህር ጋ ደረሰ። በ1969 ወደ ህንድ ሄዶ ማስተማር ጀመረ፣ በ2013 አረፈ። የእሱ ኮርስ 10 ቀን ነው፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይነሣሉ፣ በቀን 10 ሰዓት ያህል ይቀመጣሉ፣ አይነጋገሩም፣ ስልክ የለም። ክፍያ የለውም። የጨረሰ ሰው ከፈለገ ለሚቀጥለው ተማሪ ይለግሳል። (1,800 ብሬን ከፍዬ ይሄን ስሰማ ጎረቤቴን አየሁት፣ እሱም አየኝ።) የኛ አሰልጣኝ ያንን በሁለት ቅዳሜ እሰጣለሁ አላለም፤ «ቅምሻ ነው» ብሎ ነው የጀመረው፣ ሐቀኛ ነው።

ሦስተኛው ሳምንት ዮጋ ነበር። ጀርባዬ ወደደው፣ ምንም አልዋሽም። ግን እዚህ ጋ ነው ነገሩ መደበላለቅ የጀመረው።

የማስታወቂያ ወረቀታቸው ላይ «ቡድሂዝም፣ ዮጋ፣ ዜን፣ ታኦ፦ መንገዱ ብዙ፣ መድረሻው አንድ» የሚል አለ። አሰልጣኙም በየሳምንቱ ይደግመዋል። በዮጋው ቀን፣ ስንጨርስ፣ በጀርባችን ተኝተን ሳለ «አሁን ከሰውነታችሁ በላይ የሆነውን፣ የማይለወጠውን እውነተኛውን እኔ ፈልጉ» አለ። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አብረውን ይማራሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ቀና ብለው «ልጄ፣ ባለፈው ሳምንት እኔ የሚባል የጸና ነገር የለም፣ ሁሉም አላፊ ነው አልከን። ዛሬ ደግሞ የማይለወጠውን እኔ ፈልጉ ትላለህ። የትኛውን ልያዝ?» አሉት። ሳቅ ሆነ። እሱም «ጋሼ፣ አብሽሩ፣ አነጋገሩ ነው የሚለያየው እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው» ብሎ አለፈው።

አንድ አይደለም። ጋሼ የኮርሱን ምርጥ ጥያቄ ነበር የጠየቁት፣ መልስም ይገባቸው ነበር። እዚያ ያልተነገረንን እዚህ ልጻፈው።

ቡድሃ የሚባለው ሲድሃርታ ጎታማ ያስተማረው ግልጽ ነው፦ ሰው ብለን የምንጠራው አካል፣ ስሜት፣ ግንዛቤ፣ ዝንባሌና ንቃት የተሰባሰበበት ነገር ነው፤ አምስቱም ይለዋወጣሉ፣ ከአምስቱ ጀርባ የተቀመጠ ቋሚ ነፍስ አይገኝም። መከራው የሚመጣው የሌለውን «እኔ» አጥብቀን ስለምንይዝ ነው። ከዚያው ከህንድ ምድር የወጣው የሂንዱዎቹ የአድቫይታ ቬዳንታ ትምህርት ደግሞ ተቃራኒውን ይላል። በ8ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የኖረው ሻንካራ ኡፓኒሻዶች የሚባሉትን የሂንዱ ጥንታዊ ቅዱሳት ጽሑፎች ተንተርሶ ሲያስተምር፣ በሰው ውስጥ ያለው አትማን፣ ማለትም እውነተኛው እኔ፣ የማይለወጥ ነው፣ እሱም ከሁሉ መነሻ ከብራህማን ጋር አንድ ነው ይላል። ጥንታዊው ህንዳዊ መምህር ፓታንጃሊ የጻፈው የዮጋ ትምህርት ደግሞ ሌላ ሦስተኛ ነገር ነው፤ ንጹሕ ተመልካች የሆነው ፑሩሻ ከተፈጥሮ የተለየ ነው፣ ግቡም ሁለቱን መለየት ነው። ጃይኖችን፣ የሌላው የህንድ ጥንታዊ ሃይማኖት ተከታዮችን፣ ብትጠይቁ ደግሞ እያንዳንዱ ነፍስ ለየብቻው ዘላለማዊ ነው ይሏችኋል፣ ከካርማ፣ ማለትም ከሥራው ውጤት እስር፣ ነጻ እስኪወጣ ድረስ ሕይወት ያለውን ላለመጉዳት መጠንቀቅ ነው። እነዚህ ሰዎች በዚህ ጉዳይ ለዘመናት ተከራክረዋል። በጽሑፍ፣ በአደባባይ፣ በንጉሥ ፊት። እኛ ደሴ ላይ ቁጭ ብለን «አንድ ናችሁ» ስንላቸው ያከበርናቸው ይመስለናል፣ ያልሰማናቸው መሆኑ ነው እንጂ።

ደግሞ የአስተሳሰብ ልዩነት ብቻ አይምሰላችሁ፤ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስትቀመጡ የምትሠሩትን ይቀይረዋል። በቪፓሳና «ተመልካቹ» ራሱ ሲለዋወጥ ታያላችሁ። በቬዳንታው መንገድ የሚለዋወጠውን ሁሉ «ይሄ እኔ አይደለሁም» እያላችሁ ተመልካቹ ላይ ትጸናላችሁ። በአንድ ኮርስ ሁለቱም ከተሰጠ፣ ተማሪው ቤቱ ሄዶ ብቻውን ሲቀመጥ ምን ያድርግ?

ስለ ዮጋው አንድ ነገር ልጨምር። የፓታንጃሊ መንገድ ስምንት ክፍል አለው፤ የሰውነት አቀማመጥ ሦስተኛው ብቻ ነው። ከእሱ በፊት አለመጉዳት፣ አለመዋሸት፣ አለመስረቅ የሚሉ ሥነ ምግባሮች አሉ። ዛሬ በየጂሙ የምናየው ከአንዱ አቋቋም ወደ ሌላው የሚፈስሰው ዮጋ አብዛኛው መልክ የያዘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ህንድ ውስጥ በማይሶር ቤተ መንግሥት ያስተማረው ክሪሽናማቻርያና ተማሪዎቹ፣ እነ አይንጋር፣ ትልቅ ድርሻ አላቸው። አሰልጣኙ «5,000 ዓመት የቆየ እንቅስቃሴ» እያለ ባይሸጠው ጥሩ ነበር። ጀርባን ለማፍታታት ዕድሜ ማስረዘም አያስፈልግም።

በዚያው ቀን ሁላችንንም ሳያስረዳ «ኦም» አስባለን። ሁለት ሴቶች አፋቸውን ዘግተው ተቀመጡ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አልመጡም። ገብቶኛል። ኦም በሂንዱ ትውፊት የተቀደሰ ድምፅ ነው፤ ለማለትም ላለማለትም ሰው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ደሴ ውስጥ፣ አዛኑም ደወሉም በአንድ መስኮት በሚሰማበት አዳራሽ፣ «ከሃይማኖት ጋር ምንም አይገናኝም» የሚል መልስ ሰውን ከማረጋጋት ይልቅ ያጠራጥራል። ከሃይማኖት የተለየ ነገር ቢፈልግ ኖሮ አለ፤ ጆን ካባት ዚን በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ለሕሙማን ያዘጋጀው የስምንት ሳምንት ፕሮግራም ከቡድሂስት ልምምድ የተቀዳ ሆኖ ያለ ማንትራ (የሚደጋገም ቅዱስ ቃል) እና ያለ ሃይማኖታዊ ሥርዓት የሚሰጥ ነው። እሱን አስተምር፣ ወይ ደግሞ የሂንዱውን በስሙ ጠርተህ አስተምር።

አራተኛው ሳምንት፣ ዜን፤ በጃፓን የታወቀው የቡድሂዝም ቅርንጫፍ። ይሄ ለኔ ያልጠበቅሁት ደስታ ነበር። ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙረን፣ ዓይናችንን ግማሽ ከፍተን ተቀመጥን። በቃ። ስሜት መፈለግ የለም፣ ትኩረት ማንቀሳቀስ የለም፣ መድረሻ የለም። ከ1200 እስከ 1253 የኖረው የጃፓኑ ዶገን ያስተማረው መቀመጡ ራሱ ግቡ ነው፣ ወደ መንቃት የሚያደርስ መሰላል አይደለም የሚል ነው። ሌላው የዜን ቅርንጫፍ ሪንዛይ ግን ተማሪውን በአእምሮ ስሌት በማይፈታ ጥያቄ ያስጨንቀዋል፤ የ18ኛው ክፍለ ዘመኑ ሃኩይን «የአንድ እጅ ጭብጨባ ድምፁ ምንድን ነው» ብሎ የጠየቀው በዚህ መንገድ ነው። አሰልጣኙ ሁለቱንም በደንብ ለያያቸው፤ ምናልባት ብዙ ያነበበው ስለዚህ ይሆናል። ከታች ባጃጁ ሲጮህ፣ መብራት ሄዶ ጀነሬተር ሲነሣ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ስንጥቅ ሲታይ፣ ያ ሁሉ እንቅፋት አልሆነም። ለጀማሪ ይከብዳል የሚሉ አሉ። አብሮኝ የነበረው ልጅ እንቅልፍ ወስዶት አንኮራፍቷል።

የአምስተኛው ሳምንት ታኦ (የቻይና ጥንታዊ ትምህርት) እና ታይ ቺ (የቻይና ዝግ ያለ የሰውነት እንቅስቃሴ) በችኮላ አለፈ። በ1956 ቻይና ውስጥ ለሕዝብ ስፖርት ተብሎ ካጠረው ባለ 24 እንቅስቃሴ ቅንብር የመጀመሪያዎቹን ጥቂቶች ሠራን። ጉልበት ላለበት ሰው ጥሩ ነው፣ ይሞቃልም። ስለ ታኦው ጥንታዊ መምህር ስለ ላኦ ትዙና ያለ ግፊት ስለመሥራት አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተባለ፣ ሻይ ተጠጣ፣ ተበተንን።

በሻይ ሰዓት የሰማሁት ግን ከትምህርቱ ይበልጣል። አንድ ዲያቆን የነበረ ልጅ «ይሄ እኮ አርምሞ ነው፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ አባቶች ሲያደርጉት የኖሩት» አለ። ሌላው ደግሞ «እኛ ጋ ዚክር አለ አይደል፣ ትንፋሽም አለው» አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ቅርጹን ካያችሁ፦ ዝምታ፣ ድግግሞሽ፣ ትንፋሽ፣ የተጎነበሰ አንገት። ግን አርምሞውም ዚክሩም ወደ አንድ የሚሰማ አካል ነው፤ የሚጠሩት አለ። በቪፓሳና የሚጠራ የለም፣ የሚሰማም የለም፣ የሚታይ ብቻ ነው ያለው። ይሄን ለሁለቱ አልኳቸው፣ ዲያቆኑ «እንግዲያ እኔ የመጣሁት ለጀርባዬ ነው» አለኝ። ጥሩ መልስ ነው። ለምን እንደመጣ ያውቃል።

የመጨረሻው ሳምንት ላይ ቅሬታዬ ጠንከር ይላል። ልምምዱ ሜታ ይባላል፣ ለሌላው ደኅንነትን መመኘት። አሰልጣኙ ዓይናችንን አስጨፍኖ ሦስት ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ «አሁን በጣም የበደላችሁን ሰው አምጡ፣ ሰላም ይሁንልህ በሉት» አለ። ደሴ ላይ! በ2014 ዓ.ም. (ይሄ በኛ አቆጣጠር ነው) በጦርነቱ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ክፍሉ ውስጥ ያለው ዝምታ ያ የለመድነው ዝምታ አልነበረም። አንዲት እናት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡ። በ5ኛው ክፍለ ዘመን ቡድሃጎሳ ስሪላንካ ላይ የጻፈው የልምምድ መመሪያ ቅደም ተከተሉን አስቀምጧል፦ መጀመሪያ ራስ፣ ከዚያ የሚወደድና የሚከበር ሰው፣ ከዚያ የቅርብ ወዳጅ፣ ከዚያ ምንም የማይሰማን ሰው፣ ጠላት በመጨረሻ ነው፤ ቁጣው ከተነሣም ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና መጀመር ነው። በጠላት የሚጀመር አይደለም። አሰልጣኙ ክፉ አስቦ አይመስለኝም፣ ሰዓት አልቆበት ነው። ግን ለዚህ ሰዓት ከሌለ ይቅር፤ የታይ ቺውን ቀን ለሁለት ከፍሎ ቦታ ይሰጠው። ዓይን መጨፈን የሚያስጨንቀው ሰው ከፍቶ እንዲቀመጥም ከመጀመሪያው ቀን ይነገር።

እንግዲህ ከአምስት ሦስት ሰጥቻለሁ። የጀርባ ሕመም ላለበት፣ እንቅልፍ ለሚያጣ፣ ስለነዚህ ነገሮች ከቪዲዮ ብቻ ሰምቶ በአካል መሞከር ለሚፈልግ ሰው ገንዘቡ ያዋጣል። ከባድ ሐዘን ወይ ያልዳነ ቁስል ላለበት የመጨረሻውን ቅዳሜ ይቅርባችሁ እላለሁ፣ ቢያንስ አካሄዱን እስኪያስተካክሉ። ቡድሂዝምንና የሂንዱን አስተሳሰብ ለይቶ ማወቅ የሚፈልግ ደግሞ እዚያ አያገኘውም፤ ከቻለ ጋሼ ያሉበትን ዙር ጠብቆ ይመዝገብ።

ለመመዝገብ በስልክ ከመደወል ቅዳሜ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ፣ ትምህርቱ ሲያልቅ፣ በአካል መሄድ ይሻላል። ክፍያው በባንክ ነው፤ ደረሰኝ ጠይቁ።