ፍላሽ ሲጠበቅ፦ ኮል ይሻላል ወይስ ሬዝ?

የግዴታ መነሻ ውርርዱ 1 እና 2 ዶላር በሆነ የቴክሳስ ሆልደም ፖከር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠሃል እንበል። እጅህ ላይ የልብ አስና የልብ 7 አሉ። ፍሎፑ (መጀመሪያ የሚገለጡት ሦስት የጋራ ካርታዎች) ላይ የልብ ንጉሥ፣ የልብ 4 እና አንድ ጥቁር 9 ወጡ። ፖቱ (መሃል ላይ የተጠራቀመው ገንዘብ) 20 ዶላር ነው፤ ተጋጣሚህ 10 አስያዘ።

ኮል ካልክ (ያስያዘውን ያህል ከከፈልክ)፣ ካላየሃቸው 47 ካርታዎች ፍላሽህን (ምልክታቸው አንድ የሆነ አምስት ካርታዎች) የሚሞሉልህ 9 ናቸው። በተርን (በአራተኛው የጋራ ካርታ) የመምጣት ዕድላቸው 19 በመቶ ገደማ ነው። 10 ከፍለህ 30 ለማግኘት ግን 25 በመቶ ያስፈልግሃል። ጉድለቱን የሚሸፍነው ፍላሹ ከሞላ በኋላ በአማካይ ከ12 ዶላር ትንሽ በላይ ተጨማሪ ከወሰድክ ነው። በዝቅተኛ ጠረጴዛ ይሄ ብዙም አይከብድም፤ የንጉሥ ጥንድ የያዘ ሰው ሦስተኛ ልብ ሲወጣ እያየም ይከፍላል።

ወደ 35 ሬዝ ማድረግ (ውርርዱን ከፍ ማድረግ) በዋናነት የሚያዋጣው ተጋጣሚው ካርታውን ሲጥል ነው። እዚህ ደግሞ የሚጥል ጥቂት ነው። ስለዚህ ኮልን እመርጣለሁ፣ በተለይ ከእሱ በኋላ የምወስነው እኔ ከሆንኩ። ሬዝ ቶሎ ለሚሸሽ ተጫዋች ይሁን።

እጅህ ላይ ያሉት የልብ 6 እና 5 ከሆኑ ግን ተጠንቀቅ፤ ፍላሹ ቢሞላም ትልቅ ልብ የያዘ ሰው ይበልጥሃል፣ የ12 ዶላሩ ስሌትም ይፈርሳል።